ልብሱ ሰፋ፦ የሰውነት መለዋወጥ፣ የልብስ ልክና የምሥራቅ አዲስ አበባ ቁም ሳጥን



የዛሬው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አልቀረም። ከታሪክ ትምህርት ክፍል ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ መንግሥት ምሥረታና ስለ ጦርነት መስማት ለምዳችኋል። ሰው ሲወፍርና ሲከሳ የሚለዋውጣቸውን ልብሶች የሚያስቀምጥበት ቦታ የታሪክ ጥያቄ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔ ግን ይሆናል ባይ ነኝ። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ቤቶች ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን ከፍታችሁ ብትመለከቱ የአንድ ሰው የሆኑ፣ ልካቸው ግን የተለያየ ሱሪዎችና ቀሚሶች ጎን ለጎን ተሰቅለው ታገኛላችሁ፤ አንዱ ዛሬ የሚለበስ፣ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ይለበስ የነበረ፣ አንዱ ደግሞ «ስከሳ እለብሰዋለሁ» ተብሎ የተቀመጠ። አያቶቻችንም ይወፍሩና ይከሱ ነበር፤ ለወፈሩበትና ለከሱበት ጊዜ የተለያየ ልብስ ግን አላስቀመጡም። የሰውነትን መለዋወጥ ቀድሞ ይችለው የነበረው ጨርቁ ራሱ ነው፤ ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ስፌት ቻለው፤ አሁን የተረከበው ቁም ሳጥኑ ነው። በዚህ ርክክብ ውስጥ ወጪውም ኀፍረቱም ቀስ በቀስ ወደ ለባሹ መጥቷል።

ከቋንቋው ልነሣ። በአማርኛ «ሰፋ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን፤ ልብስ ሰፊው ልብሱን ሰፋ፣ ልብሱም ለባሹን ሰፋው። በግእዝ ሁለቱ የተለያዩ ግሦች ናቸው፤ መስፋቱ ሰፍሐ፣ ስፌቱ ሰፈየ። አማርኛ ሐመሩንም የውንም ጥሎ አንድ አደረጋቸው። ይህ የድምፅ ለውጥ ያመጣው አጋጣሚ እንጂ ፍልስፍና አይደለም፤ ከአጋጣሚነቱ በላይ ትርጉም እንድትሰጡትም አልፈልግም። ሆኖም ለዛሬው ነገራችን የሚስማማ አጋጣሚ ነው።

ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ እርስ በርሳቸው የሚለዩት በውፍረታቸውና በድርባቸው ነው፤ በለባሹ ትከሻ ስፋት ወይም በወገቡ ዙሪያ አይደለም። ሸማኔ ሸማ ሲሠራ የማንን ገላ እንደሚሸፍን ማወቅ አያስፈልገውም። ጨርቁ የሚለካው በክንድ ነበር፤ ክንድ ደግሞ ሰው በቆመበት ሁሉ ይዞት የሚዞር መለኪያ ስለሆነ በረጅም ክንድና በአጭር ክንድ መካከል በየገበያው ክርክር አይጠፋም ነበር። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ጨርቅ በሰው አካል ይለካል፤ ዛሬ የሰው አካል በሜትር ይለካል። የሴቷ ቀሚስ ሰፊ ሆኖ ይሰፋና ልኩን የሚሰጠው መቀነቱ ነው። የእርጉዝነት ወራት ሲገፉ መቀነቱ ይላላል፤ ከወሊድ በኋላ ሆድን ለመሰብሰብ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ቀሚሱ ግን ያው ቀሚስ ነው። የወንዱም ሱሪ በማሰሪያ የሚሳብ ስለነበረ ከሁዳዴ በፊትና ከፋሲካ በኋላ አንድ ሱሪ ይበቃ ነበር።

የሹመት ልብስም ከዚህ ሥርዓት አልወጣም። ንጉሥ ባለሟሉን ካባ ወይም ለምድ ሲሸልም የባለሟሉን ልክ አስቀድሞ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ከፊት ክፍት የሆነና በትከሻ ላይ የሚጣል ልብስ ቀጭኑንም ወፍራሙንም መኰንን ያከብራል። ገላን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ልብስ የተለየ ስለነበረ ስሙ ራሱ ይህንኑ ይናገራል፤ «እጀ ጠባብ»። የጠበበ እጅጌ ለብቻው ስም ማውጣት የተገባው ያልጠበበው የተለመደው ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ያለፈውን ዘመን እንዳናሞግስ እሰጋለሁ። ብዙው ሕዝብ ልብስ በየልኩ ያላስቀመጠበት ዋናው ምክንያት የሚያስቀምጠው ሁለተኛ ልብስ ስላልነበረው ነው። ጥጥ መፍተል የሴቶች የወራት ድካም፣ ሸማ መግዛትም ለገበሬ ትልቅ ወጪ ነበር። አንድ ጋቢ ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ በመጨረሻም መገነዣ ይሆን ነበር። ለሁሉም ገላ የሚሆን ጨርቅ ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ ችግር የወለደው ዘዴም ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በነበሩት አሠርት ዓመታት አቡጀዲ በብዛት ገባ፤ የስፌት መኪናም ተከትሎት መጣ። የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቅ፣ ደጃፍ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራው ልብስ ሰፊ፣ ኮትና ሱሪ የሚለብሰው የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ላይ የከተማዋ መልክ ሆኑ። ኮትና ሱሪ እንደ ሸማ አይደሉም፤ የትከሻን፣ የደረትን፣ የወገብን ቍጥር ይጠይቃሉ። ሆኖም ቍጥሩን የሚያውቀው ልብስ ሰፊው ብቻ ነበር፤ በደብተሩ ከደንበኛው ስም አጠገብ ይጽፈዋል፤ ደንበኛው ሲመጣም ያንኑ ገጽ ገልጦ አዲሱን ልክ ከአሮጌው ጋር ያስተያያል። ደግ ልብስ ሰፊ በሱሪው የኋላ ስፌት ውስጥ ሁለት ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ባለቤቱ ሲወፍር ይለቀቃል፣ ሲከሳ ይጠባል። ለልጅ ዩኒፎርም የታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋና ልጁ ባደገ ቍጥር ይዘረጋል። አሮጌው እጥፋት በጨርቁ ላይ ጥሎት የሚሄደው ደማቅ መስመር የልጁን ዕድገት በየዓመቱ ይቈጥራል። ስለ ልጅነት ታሪክ የምትጽፉ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ሰነድ ስታገኙ ንገሩኝ።

ይህ ልማድ ጨርሶ አልጠፋም። በገርጂ መንደር ውስጥ ሱሪ ላሰፋ በአንድ የጾም ዋዜማ የሄድሁበት ልብስ ሰፊ ሜትሩን ወገቤ ላይ ከመዘርጋቱ በፊት «መምህር፣ ጾሙን ነው የሚለብሱት ወይስ ሲፈታ?» ሲል ጠየቀኝ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ አጥብቆ ለሚጾም ሰው የወገብ ልክ የዘመን መቍጠሪያ ይሆናል። ሰውየው የሚሰፋው ለአንድ ቋሚ ገላ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ትርፉንም የሚተወው በዚሁ ዕውቀት ነው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለጄት አውሮፕላኖች አገልግሎት ሲበቃ አካባቢው የከተማዋ ዳርቻ ነበር። ዛሬ ግን ልብስ ከውጭ ወደ ከተማዋ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ነው፤ በንግድ ከዱባይ፣ ከቱርክና ከቻይና፣ በስጦታ ደግሞ ከዋሽንግተንና ከሌሎች ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከተሞች በሻንጣ ይመጣል። ከዚህም ቀደም «ሰልባጅ» የተባለው ልባሽ ጨርቅ የማይታወቅ ሰው ልክ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ገዢው ወደ ልብስ ሰፊው እየወሰደ ያስጠብበው ነበር። የቦሌ ቡቲክ ያመጣው ነገር ከዚህ ይለያል። አዲስ ልብስ፣ ከአንገቱ ላይ ፊደል የተለጠፈበት፤ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ፣ ኤክስ ኤል። በልብስ ሰፊው ደብተር ውስጥ የተደበቀው ልክ በአደባባይ የሚጠራ ማዕረግ ሆነ። ሻጯ «ያንቺ ቍጥር የለንም» ስትል ጐደለ የምትለው ዕቃው ነው፤ ሰሚዋ ግን ገላዋ እንደ ተተቸ አድርጋ ትሰማዋለች።

የሻንጣው ልብስ የራሱ ነገር አለው። በውጭ የምትኖር እኅት ለታናሿ ቀሚስ ስትልክ የምትገዛው በምታስታውሰው ልክ ነው፤ ያም ከአሥር ዓመት በፊት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያቀፈችው ገላ ነው። ቀሚሱ ሲደርስ ጠባብ ይሆናል። መልሶ መላክ አይቻልም፣ ለሌላ መስጠት ይከብዳል፣ አልሆነኝም ብሎ መናገርም ያሳዝናል፤ ስለዚህ ይሰቀላል። በብዙ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ አንድ ጠባብ ልብስ የሚጠብቀው መክሳትን ሳይሆን ላኪዋን ነው።

እነዚህ ፊደላትና ቍጥሮች ከየት መጡ? ከታወቁት ምንጮች አንዱ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የቤት ኢኮኖሚ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ያካሄደው የልኬት ጥናት ነው። ከ14 ሺህ በላይ ሴቶች ተለኩ፤ ውጤቱ በ1941 ታተመ፤ በ1958 የወጣው የሴቶች ልብስ ልክ ደረጃም በዚያ ላይ ተመሠረተ። ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ልኬት ከስሌቱ ውጭ ተደርጎ ነበር። ደረጃው በ1983 ተሽሯል፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ልክ ያወጣል፤ የአንዱ ሚዲየም ለሌላው ላርጅ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በቦሌ ቁም ሳጥን ውስጥ ካሉት የተለያዩ ልኮች ከፊሉ ገላው ሳይለወጥ በመለያው መለዋወጥ ብቻ የተከማቸ ነው።

የዚህን ሥርዓት ሌላኛ ገጽ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ አካባቢ፣ በብዛት ወጣት ሴቶች የሚሠሩባቸውን የልብስ ፋብሪካዎች ይዟል። ምርቱ የታሰበው በዋናነት ለውጭ ገበያ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትወጣ ብዙ ትእዛዝ የተናጋውም ለዚህ ነው። በፋብሪካ ጨርቁ ተደራርቦ በአንድ ጊዜ ይቈረጣል፤ የኦቨርሎክ መኪና ጠርዙን እየሰፋ ትርፉን እዚያው ይቈርጠዋል። የገርጂው ልብስ ሰፊ በደግነት የሚተወው ሦስት ጣት ጨርቅ በዚህ ሒሳብ ብክነት ነው። ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ሊሰፋ አይችልም፤ ለባሹ ከወፈረ ሌላ ይገዛል። ሠራተኞቹም ያላዩትን ሰው ልክ ሲሰፉ ይውላሉ።

ገላውስ በእርግጥ ተለውጧል? በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ በወሊድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሲታ፣ ከመቶ 8ቱ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው እንደሆኑ አሳይቷል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ውፍረት ከፍ ብሎ ከታየባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደም ነበረች። የዚህ ለውጥ ትርጉም ግን ቍጥሩ ከሚነግረን ይልቅ ውስብስብ ነው። ሽማግሌዎቻችን «ወፈርህ፣ አማረብህ» ሲሉ ከልባቸው ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኤች.አይ.ቪ. በከተማችን ሲስፋፋ ደግሞ መክሳት ሐሜት የሚያስነሣ ነገር ሆኖ ነበር፤ ሱሪው የሰፋው ሰው በቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ማስበጀቱ ራሱ ዐይን ይስብ ነበር። ነጻው የጸረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ብዙዎች ክብደታቸው ተመልሷል። በሕመሙ ዓመታት ሰፊውን ልብስ ሳያስጠብብ ያቈየ ሰው ያቈየው ጨርቅ ብቻ ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም። «ለመክሳት የተቀመጠ ልብስ» የሚለው የዛሬ ቀልድ ከሃያ ዓመት በፊት ተገልብጦ ይኖር እንደነበረ ግን ማስታወስ ይገባል።

በዚህ ሁሉ መካከል እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የሐበሻ ቀሚስ ዕጣ ነው። በመቀነት ልክ ይይዝ የነበረው ሰፊ ቀሚስ ዛሬ በቦሌ የዲዛይነር ሱቆች ለለባሿ ደረትና ወገብ ተለክቶ፣ ዚፕ ገብቶለት ይሰፋል። ጥለቱ መካከል ላይ በልክ ስለሚቀመጥ በኋላ ማስፋት አስቸጋሪ ነው፤ ጥለቱ ይዛነፋል። ለአንድ ፋሲካ ወይም ለአንድ ሠርግ የተሰፋ ውድ ቀሚስ ለከርሞ ላይሆን ይችላል። ለማንኛውም ገላ ይሆን የነበረው ልብስ ከሁሉ ይልቅ ገላ የሚመርጥ ሆነ። በአንጻሩ ርካሹ የላስቲክ ሱሪና ታይት የመቀነቱን ሥራ ተረክበዋል፤ ባህል ጠባቂዎቻችን በማይወዱት ልብስ ውስጥ የአያቶቻችን ዘዴ ቀጥሏል ማለት ነው።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። የኮንዶሚኒየም ግንባታ ፈር ከተቀደደባቸው ቦታዎች አንዱ ገርጂ ነበር። በስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ልክ ያለው ልብስ ማቈየት የቦታ ጭቅጭቅ ያስነሣል፤ ልብሱ ወደ አልጋ ሥር፣ ከዚያ ወደ ሻንጣ፣ ከዚያ ወደ ገጠር ዘመድ ይሄዳል። አከራይ ቤቱን በፈለገው ቍጥር ደግሞ ተከራይ ይጓዛል፤ በእያንዳንዱ ጕዞም መጀመሪያ የሚራገፈው የማይለበሰው ልብስ ነው። ለእኛ ለታሪክ ተመራማሪዎች ይህ የሰነድ መጥፋት ነው። በቤተ መዘክር የሚቀመጠው ካባ ባለቤቱ ወፍራም ይሁን ቀጭን አይነግረንም፤ የተለቀቀና መልሶ የጠበበ ሱሪ ግን የአንድን ሰው የሃያ ዓመት ኑሮ በመርፌ ቀዳዳ መዝግቦ ይዟል።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎች አነጋጋሪያችሁ ፎቶግራፍና ደብዳቤ አውጥተው ካሳዩአችሁ በኋላ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ የማይለብሱትን ልብስ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ውስጡን ገልብጡት። ትርፍ ጨርቅ አለው ወይስ የለውም? ስንት የስፌት መስመር ይታያል? ክሩ አንድ ዓይነት ነው ወይስ የተለያየ? መቼ እንደ ለቀቁት፣ ማን እንደ ሰፋው፣ ለምን እንዳልሰጡት ጠይቁና ጻፉ። የልብስ ሰፊዎችንም ደብተር ፈልጉ፤ ብዙዎቹ ሱቅ ሲዘጉ ይጥሉታል። የደንበኞቹን ስም ሸፍናችሁ ቅዱ፤ ልኩንና ዓመተ ምሕረቱን ግን እንዳትተዉ።