ድሬዳዋ (የከተማ ኑሮ)
ድሬዳዋ የጅቡቲ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች የምሥራቅ ኢትዮጵያ መካከለኛ ከተማ ናት። አሸዋማው ደቻቱ ወንዝ ዛፍ ያጠላበትን የከዚራ ሰፈር ከገበያው ሰፈር ከመጋላ ይለያል። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይሞላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሕይወት ቀጥፏል። ኑሮን የሚመራው ሙቀቱ ነው፦ ማለዳ ቀፊራ ገበያ ይደምቃል፣ ከቀትር በኋላ ብዙው ሱቅ ተዘግቶ ጫት ይዘረጋል፣ ማታ ሰው ደጅ ወጥቶ ይናፈሳል። አንዲት ሻጭ በአንድ ግብይት አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ብትቀላቅል ማንም አይገረምም። ከተማዋ በባጃጅ ቶሎ ታልቃለች፤ ከሚያውቁት ሰው መሸሸግ ዘበት ነው። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ በመሠራቱ ግን የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ የለገሃር፣ ግርግር አልተመለሰም።