ከለገሃር እስከ ውርጭ አገር፦ የባሕር መንገደኛ ሻንጣ ታሪክ

ከደምበል ወጥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ለገሃር ለመድረስ ታክሲ አያስፈልግም፤ በእግር ይደረሳል። ሁለቱን ቦታዎች አገናኝቶ የሚያስብ ሰው ግን ብዙ አይገኝም። ደምበል የሱቅና የቢሮ ሕንፃ ነው። ለገሃር ደግሞ ሰው ታክሲ የሚቀያይርበት፣ ባቡር የማይነሳበት የድሮ ጣቢያ። እኔ ሁለቱን የማገናኛቸው በሻንጣ ነው። የምሠራው ደምበል አካባቢ ካለ የሶፍትዌር ቢሮ ስለሆነ፣ በየዓመቱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ብርድ አገር የሚሄድ ጓደኛ አይጠፋም። ጃኬት ሲመረጥ የሚነሳው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ «እዛ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?»

ከአውሮፕላን በፊት የነበሩት መንገደኞች ይሄን ጥያቄ በዚህ መልክ ቢጠይቁት አይጠቅማቸውም ነበር። ምክንያቱ መንገዱ ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሐዲዱ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር ጅቡቲ የሚደርሰው። በትምህርት ቤት የተማርነውን አስታውሱ፦ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። ያ ባቡር አራቱንም በቅደም ተከተል በሦስት ቀን ያሳያል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው፣ ባሕር ዳርቻ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከዚያ መርከብ ይሳፈራል፤ ቀይ ባሕርን በሙቀት ይሻገራል፤ ሱዌዝን አልፎ ሜዲትራኒያን ሲገባ ንፋሱ ይቀየራል። የሚሄደው እንግሊዝ ከሆነ መጨረሻው ጭጋግና ዝናብ ነው።

ስለዚህ ለባሕር መንገደኛ ዋናው ጥያቄ ቅደም ተከተል ነበር። የቱ ልብስ መቼ ይወጣል? የዚያ ዘመን የመርከብ ኩባንያዎች ለሣጥኖች መለያ ወረቀት ይለጥፉ ነበር፦ አንዱ «ለመኝታ ክፍል»፣ አንዱ «በጉዞ ላይ የሚፈለግ»፣ ሌላው «በጉዞ ላይ የማይፈለግ»። የማይፈለግ የተባለው ሣጥን መርከቡ ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደብ እስኪደርስ አይታይም። እኛ ፕሮግራመሮች «ስታክ» የምንለው ነገር ይሄው ነው፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል፣ ሥር ያለውን ለማግኘት ከላይ ያለው ሁሉ መነሳት አለበት። ካፖርቱን መርከቡ ሆድ ውስጥ ያስቀበረ ሰው ሜዲትራኒያን ላይ በስስ ልብስ ይንቀጠቀጣል።

በደንብ የታሰበበት ጉዞ ምን እንደሚመስል ለማየት በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያደረጉትን የአውሮፓ ጉዞ መመልከት ይቻላል። ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምሮ ብዙ መኳንንት አስከትለው በሚያዝያ ከአዲስ አበባ ተነሱ። መጀመሪያ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎ ግብፅ፣ ፓሪስ በግንቦት፣ ለንደን በሐምሌ፤ መስከረም ሲጠባ አገራቸው ነበሩ። የጉዞው ምክንያት ፖለቲካ ነው፤ ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ከገባች ዓመት አልሞላትም፣ የባሕር በር ጉዳይም ነበር። ግን ቀኖቹን በልብስ ዓይን ስታዩአቸው የአውሮፓን ክረምት በሙሉ ዘለውታል። ነጭ እጀ ጠባብና ካባ ለብሶ በፓሪስ አደባባይ መታየት የሚቻለው በግንቦት ነው። በጥር ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ክብር ከካፖርት ሥር ይደበቅ ነበር። ቀን መምረጥ የቻለ ሰው ግማሹን ልብስ ሸክፏል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን ይሄ ዕድል ሁልጊዜ አልገጠማቸውም። በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓን ሲላኩ፣ ከጅቡቲ የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀት አቋርጠው የደረሱት በኅዳር ነው፤ ጃፓን ወደ ክረምቷ ስትገባ። የዚያን ጉዞ ታሪክ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ትተውልናል። በአንድ ሣጥን የምድር ወገብን ላብም የሰሜኑን ብርድም መያዝ ነበረባቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። «ሐበሻ ብርድ አያውቅም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ደገኛ ብርድን በደንብ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ሁለት ዓይነት ብርድ ነው። አንደኛው የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ነው፤ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ይበላዋል፣ ደረቅ ነው። ሁለተኛው የሐምሌ ነው፤ እርጥብ፣ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ። ለመጀመሪያው ጋቢ አለን። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሙቀቱም ከጥጡ ብቻ አይመጣም፣ በድርቦቹ መካከል የተያዘው አየር ነው የሰውነትን ሙቀት የሚያቆየው። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ግን ያ አየር ቦታውን ለውሃ ይለቃል። እርጥብ ጋቢ ራሱ ብርድ ይሆናል።

ለሁለተኛው ብርድ አባቶቻችን ጥጥን አላመኑም። መንዞች የበጋቸውን ፀጉር ፈትለው በርኖስና ባና ሠሩ፤ ሱፍ ርሶም ቢሆን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። የጎጃምና የአገው እረኛ ደግሞ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ይደርባል፤ ዝናቡ በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከውስጥ ጥጥ፣ ቀጥሎ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ። ዛሬ የመርከብ ጉዞ አዘጋጆች ወደ አላስካና ወደ ኖርዌይ ለሚሄዱ መንገደኞች የሚመክሩት ይሄንኑ መደራረብ ነው። ከእረኛው የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ ከሥጋ ጋር የሚገናኘው ልብስም ጥጥ አይሁን ይላሉ፣ ላብም ያረጥበዋልና።

ባሕር ላይ ያለው ብርድ የሐምሌ ብርድ ዘመድ ነው፣ ነፋስ ተጨምሮበት። ስለዚህ ከደጋ የተነሳ መንገደኛ ትክክለኛው ዕውቀት ነበረው፤ ስህተት ሊመጣ የሚችለው የትኛውን ብርድ እንደሚያስታውስ ላይ ነው። «የለመድኩት ብርድ ነው» ብሎ የታኅሣሥ ጋቢውን ብቻ ከያዘ ተሸወደ። ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስታል። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚያርፈውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚሠራውንም «በረዶ» እንላቸዋለን። «አመዳይ» የሚባል የቆየ ቃል አለን፤ ግን ከአፋችን ወጥቷል።

ውርጩን እስከ መጨረሻው ያዩት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቃኘው፣ ከ1,100 በላይ ሰው፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1951 በባቡር ጅቡቲ ወረደ። እዚያ «ጄኔራል ማክሬ» በተባለች የአሜሪካ የጦር ማጓጓዣ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሦስት ሳምንት ከተጓዘ በኋላ በግንቦት መጀመሪያ ቡሳን ደረሰ። ኮሪያ ያኔ ጸደይ ናት፣ ደስ ይላል። የወታደሩ ልብስ ግን ለጸደይ ብቻ አይታሰብም፤ ሻለቃው ዓመት ሊቆይ ነው፣ በተራራው ግንባር ደግሞ በጥር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይወርዳል።

ያን ልብስ ከአዲስ አበባ መሸከፍ አይቻልም ነበር። የሰጣቸው የአሜሪካ ጦር ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ትምህርቱን የተማሩት በውድ ዋጋ ነበር፤ በ1950 መጨረሻ በቾሲን የውሃ ግድብ አካባቢ በተደረገው ውጊያ ብርዱ ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ወታደር ጎድቶባቸዋል። በተለይ እግርን። ቀጥሎ በመጣው ክረምት አየር በውስጡ የያዘ ወፍራም የጎማ ቦት ታደለ፤ ከቅርጹ የተነሳ ወታደሩ «ሚኪ ማውስ» አለው። በሁለት የጎማ ግድግዳ መካከል ሱፍና አየር አለ። ነገሩ ያው የጋቢው ድርብ ነው፣ በጎማ ተሠርቶ። ጦርነቱ እስኪቆም የተፈራረቁት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን አጥተዋል፤ ለጠላት የተማረከ ግን አንድም የለም። የውርጩን ወቅት በተራራው ላይ ያለፉት ሌላ ሰው በሸከፈላቸው ልብስ ነው። ልብሱ ሠራ፤ የሸከፈው አካል ያን ክረምት አንዴ ቀምሶታልና።

ጊዜ ሳይሰጥ የሚመጣ ጉዞም አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1936 መጀመሪያ ጠላት ወደ ከተማው ሲቃረብ በባቡር የተነሱት ገና ሳይነጋ ነው። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ እስከ ሃይፋ፣ ከዚያ በጅብራልታር አድርገው በሰኔ መጀመሪያ ሳውዝሃምፕተን ደረሱ። በዚያው ወር ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ ዓለም የሚያስታውሳቸው በካባቸው ነው። ካባው ለሰኔ ይበቃል። ከሰኔ በኋላ ግን ክረምት መጣ፤ ከዚያም ሌላ ክረምት፣ ሌላም። በባዝ ከተማ በፌርፊልድ ቤት የቆዩት እስከ 1940 ነው። እቴጌ መነን የእንግሊዝ እርጥብ ብርድ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው ተቀምጠዋል። ስደተኛ የስንት ክረምት ልብስ እንደሚይዝ አያውቅም፤ ከመንገደኛ የሚለየውም ይሄ ነው።

ከሁሉም በላይ የምታስጨንቀኝ ግን ከባቡሩም በፊት የነበረች አንዲት ጉዞ ናት። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1868 ከመቅደላ ሲወሰድ ዕድሜው ሰባት ዓመት ነበር። አባቱ በሚያዝያ ሞተዋል፤ እናቱ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ በግንቦት አረፉ። ልጁ ብቻውን ከባዕድ መኮንን ጋር ባሕሩን ተሻግሮ በሐምሌ እንግሊዝ ገባ። በዚያው በጋ ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሳችው ፎቶ የአገሩን ልብስ እንደለበሰ ያሳያል። በኋላ ባሉት ፎቶዎች ኮትና ክራባት አድርጓል። ራግቢ ተማረ፣ ሳንድኸርስት ገባ። በኅዳር 1879 ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንድዘር ነው። በ2023 አፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እንደገና ሲቀርብ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለውም።

በዚያው ዘመቻ ሌላም ነገር ባሕሩን ተሻግሯል። የእናቱ የጥጥ ቀሚስ፣ በሐር ጥልፍ የተጌጠው፣ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሞች የቆየ ጨርቅን ከብርሃንም ከእርጥበትም ይጠብቃሉ፤ ሙቀቱ እንዳይለዋወጥ ይለካሉ። ቀሚሱ ያንን አገር ከ150 ዓመት በላይ ኖሮበታል። ልጁ 11 ዓመት ከምናምን ብቻ።

ዓለማየሁ ልብስ ጎደለው አልልም፤ ያደጉበት ቤቶች ኮት የሚቸግራቸው አልነበሩም። የጎደለው ሌላ ነው። ተፈሪ ሲሄዱ የመመለሻቸውን ወር ያውቁ ነበር። ኅሩይ መጽሐፍ ሊጽፉ ተመልሰዋል። የቃኘው ወታደር ተራው ሲደርስ በዚያው ባሕር ወደ አገሩ ገብቷል። ሁሉም ሣጥናቸው ውስጥ ለመልስ ጉዞ የሚሆን ልብስ ነበረ፤ ለጅቡቲ ሙቀት የሚሆን ስስ ሸሚዝ፣ ለደጋው ጋቢ። የልጁን ሻንጣ የሸከፉት ሰዎች ግን የሸከፉት ለመሄጃ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ወዲህ የባሕሩ መንገድ ቀስ በቀስ ተረሳ። አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም ከለገሃር አይነሳም። አሁን መንገደኛው በረሃውን ሳይነካ ከደጋ ተነስቶ ውርጭ ላይ ያርፋል፤ ሣጥኑ ሁለት 23 ኪሎ ሆኗል፣ ግማሹም በርበሬና ሽሮ ነው። ስለዚህ ደምበል አካባቢ ጃኬት የሚመርጥ ሰው ሲያማክረኝ ስለ ዲግሪ ብዙ አልከራከርም። ብርዱ ደረቅ ነው እርጥብ ብለህ ቀድሞህ የሄደውን ሰው ጠይቅ እለዋለሁ። ከጥጥ ሱፍ ይሻልሃል። ከላይ ውሃ የማያስገባ ደርብበት። ጋቢውን ግን አትተወው፤ ለዚያ አገር ብርድ ባይበቃም፣ ስትመለስ ለታኅሣሥ ሌሊት ትፈልገዋለህ።