በባሕር ላይ ለሞተ ሰው ማን ይመሰክራል?

ሰው በአገሩ ሲወለድ ጎረቤት ይመሰክርለታል፤ ሲሞትም ቀባሪው ይመሰክርለታል። በመርከብ ላይ የተወለደ ሕፃንና በመርከብ ላይ ያረፈ መንገደኛ ግን ጎረቤትም የሚታይ መቃብርም የለውም። አብረውት የተሳፈሩት ወደብ ሲደርሱ ይበተናሉ። ስለዚህ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ «አባታችን መቼና የት ሞተ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ የሚገኘው ከመንደር ሳይሆን ከመርከቡ መዝገብ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ያ መዝገብ እንዴት እንደተጀመረ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመንና እንዴት እንደሚፈለግ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ነገሩ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሸሪዓ የጠፋ ሰው ንብረት መሞቱ በማስረጃ ወይም በቃዲ ውሳኔ እስኪረጋገጥ ድረስ ለወራሾች አይከፈልም። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሚስቱ አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን የምትቆጥረውም ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው። አባትና ልጅ አብረው ሰጥመው ማን ቀድሞ እንደሞተ ካልታወቀ፣ በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ አንዱ ሌላውን አይወርስም፤ የእያንዳንዳቸው ንብረት በሕይወት ላሉት ወራሾቻቸው ይሆናል። አባቱ ከሞተ በኋላ በሕይወት የተወለደ ሕፃን ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቢኖርም ወራሽ ነው። እንግዲህ በመርከብ መዝገብ ላይ የሰፈረች አንዲት ቀንና ሰዓት የአንድን ቤት ድርሻ ልትለውጥ ትችላለች ማለት ነው።

የአውሮፓ መንግሥታት ይህን ሥራ በሕግ የያዙት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በባሕር ጉዞ ላይ ሕፃን ሲወለድ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲመዘገብና ጽሑፉ በኋላ ወላጆቹ ወደሚኖሩበት ከተማ እንዲላክ አዘዘ። በእንግሊዝ በ1837 በመርከብ ላይ ለተወለዱና ለሞቱ ሰዎች የተለየ መዝገብ ተከፈተ። በ1854 የወጣው የንግድ መርከቦች ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ የመርከብ አዛዥ ልደትንና ሞትን በጉዞ መዝገቡ ላይ እንዲጽፍ አስገደደ፤ በ1874 የወጣው ሕግም ግዴታውን አጠበቀው።

ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች የሚያገባን ለምንድን ነው? የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ከሕንድ፣ ከማላያና ከጃቫ ወደ ጅዳ የሚሄዱት ሐጃጆች በብዛት በእንፋሎት መርከብ መጓዝ ጀመሩ። ከነዚያ መርከቦች ብዙዎቹ የአውሮፓ መንግሥታትን ባንዲራ ያውለበለቡ ነበሩ። መንገደኛው በጀልባው ወለል ላይ ተጨናንቆ ስለሚጓዝ ኮሌራና ሌላም በሽታ ብዙ ሰው ይፈጅ ነበር። ከ1882 ጀምሮም በደቡብ ቀይ ባሕር በኩል የሚመጡት ሐጃጆች በከመራን ደሴት ኳራንቲን እንዲቆዩ ይደረግ ነበር። የብስ ርቆ ሳለ የሞተው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሶላተል ጀናዛ ተሰግዶበት ወደ ባሕር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ምልክት የአዛዡ ጽሑፍና የተጓዦቹ ትዝታ ብቻ ነው።

ታዲያ የአዛዡ ቃል ብቻውን ይበቃልን? ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1880 «ጅዳ» የምትባል መርከብ ከሲንጋፖርና ከፔናንግ ከ900 በላይ ሐጃጆችን ጭና ወደ ሒጃዝ ተነሣች። መርከቧ የሲንጋፖር ኩባንያ ንብረት ስትሆን ባንዲራዋ የእንግሊዝ ነበር። ወደ ሶማሊያ ጫፍ፣ ወደ ጋርዳፉይ ስትቀርብ ማዕበል መታት፤ የእንፋሎት ማፍያዎቿ ከቦታቸው ተናጉ፤ ውሃም ገባባት። ነሐሴ 8 ቀን አዛዡና ሌሎች መኮንኖች ሐጃጆቹን ትተው በነፍስ አድን ጀልባ ሸሹ። «ሲንዲያ» የምትባል መርከብ አንሥታ ነሐሴ 10 ቀን ኤደን አደረሰቻቸው። እነርሱም መርከቧ ከነተሳፋሪዎቿ ሰጠመች ብለው ተናገሩ።

በማግሥቱ ግን «አንቴኖር» የምትባል ሌላ መርከብ «ጅዳ»ን ስባ ኤደን ወደብ አስገባች። ሐጃጆቹ ራሳቸው ውሃውን እየቀዱ ሲደፉ ቆይተው፣ ሞቱ ከተባሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም በሕይወት ተገኙ። በኤደን ምርመራ ተደርጎ የአዛዡ የሥራ ፈቃድ ለ3 ዓመት ታገደ። «አንቴኖር» ባታገኛቸው ኖሮ ግን ምን ይሆን ነበር? ሚስቶች ዒዳ ይቆጥሩ፣ ወራሾችም ንብረት ይካፈሉ ነበር፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው የሸሸ ሰው በሰጠው ቃል ነው።

ከዚህ የምንማረው መዝገብን መናቅ አይደለም። መዝገብም እንደ ማንኛውም ምስክር «ማን ጻፈው? ሲጻፍ በቦታው ነበረን? ሌላስ ማን አብሮት ይመሰክራል?» ተብሎ ይጠየቃል። የሐዲስ ሊቃውንት የዘጋቢዎችን ሰንሰለት እንደመረመሩ ሁሉ፣ የቤተሰቡን ታሪክ የሚፈልግ ሰውም የአዛዡን ጽሑፍ ከተሳፋሪዎች ዝርዝር፣ ከኳራንቲን ወረቀትና ከሽማግሌዎች ቃል ጋር ያስተያይ።

ፍለጋው የሚጀመረው ከሦስት ነገሮች ነው፤ የመርከቧ ስም፣ የጉዞው ዓመትና ባንዲራዋ የማን እንደነበረ። ባንዲራው መዝገቡ በየትኛው አገር እንዳለ ያመለክታል። የእንግሊዝ መርከቦች መዛግብት ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። «ቢ.ቲ. 158» የተባለው ከ1854 እስከ 1890፣ «ቢ.ቲ. 334» የተባለው ደግሞ ከ1891 እስከ 1972 ያለውን ይይዛል። በዛሬው ጊዜ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ስሞች በባዕድ ጆሮ ተሰምተው ስለተጻፉ «ኢብራሂም»ን ወይም «ዐብዱላህ»ን በልዩ ልዩ አጻጻፍ መፈለግ ያስፈልጋል። የአገራችን ሰው በዐረብ አገር «ጀበርቲ» ወይም «ሐበሺ» ተብሎ ይጠራ ስለነበረ በአባቱ ስም ካልተገኘ በዚህ ይፈለግ። ቀንም ያሳስታል፤ የሂጅራ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ ከመግሪብ በኋላ የሞተ ሰው በቤተሰቡ አቆጣጠር የማግሥቱ ሟች ሲሆን፣ በመርከቡ መዝገብ ግን የዚያው ዕለት ሟች ነው።

ከምፅዋ በሳንቡክ ወደ ጅዳ የተሻገሩት አያቶቻችን ታሪክ ግን በአብዛኛው ያለው በቤተሰብ አፍ ነው። የሚያውቁት አዛውንት ሲሞቱ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ይጠይቅ፤ ማን ከማን ጋር ተሳፈረ? በየትኛው ወር? ማን ተመለሰ? የሞተውንስ ማን አጠበው? የተናጋሪው ስምና የተነገረበት ቀን አብሮ ይጻፍ፤ ሁለት ሰዎችም ይፈርሙበት። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደትና ሞት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ይህን ግዴታ እንደ ተራ የወረቀት ሥራ አንየው። ዛሬ ያልተጻፈው የአንድ ሕፃን ልደት ነገ የአንድ የቲም ድርሻ ነው። አላህ በየብስም በባሕርም ያረፉትን ወገኖቻችንን ይማርልን።