ስትሮክ፦ ሕክምናውና ማገገሚያው፣ ለጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነዋሪዎች

ስትሮክ (የአንጎል ምት) ወደ አንጎል የሚሄድ ደም በድንገት ሲዘጋ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሲፈነዳ የሚከሰት ሕመም ነው። ዋነኛው መንስኤ ያልታከመ የደም ግፊት ነው።

ምልክቶቹ፦ የፊት በአንድ ወገን መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር። «መጋኛ ነው» ብሎ መዘግየት ሕይወት ያሳጣል።

ምን ይደረግ? ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ። ውሃም ምግብም አይስጡ፤ ትን ሊለው ይችላል። አስፕሪንም አይስጡ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። ይህን የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። በአገራችን እንደ ልብ ባይገኝም፣ ግፊትን፣ ስኳርንና ትኩሳትን መቆጣጠር ብቻውን ብዙዎችን ያተርፋል።

ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ የተነሳ ታካሚ ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እንደ ሁኔታውም ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል።

ማገገሚያው የሚጀምረው ገና አልጋ ላይ ነው። ቤተሰብ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያሳየውን እንቅስቃሴ በየቀኑ ያሠራ፤ መገላበጥ የማይችለውን በየ2 ሰዓቱ ያገላብጥ፤ የደከመውን እጅ አይጎትት፤ ለማሸት ወደ ወጌሻ አይውሰድ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይታያል፤ ከዚያ በኋላም ተስፋ አይቆረጥም።

ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነ ተኝቶ ይሰግዳል። የግፊት መድኃኒት ግን ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥም፤ ረመዳን ሲቃረብ የመውሰጃ ሰዓቱንና የመጾም አቅምን ከሐኪም ጋር መመካከር ያስፈልጋል። አላህ ያሽራቸው።