ካናቢስና አልኮል በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ዓይን

በኢትዮጵያ አልኮል የድግስና የማኅበር መጠጥ ሲሆን ካናቢስ ግን የወንጀል ዜና ነው። ጌሾና ብቅል የሚገቡበት ጠላ በክርስቲያኑ ዘንድ ክርስትናን፣ ሠርግንና ተዝካርን ያጅባል። የጽዋ ማኅበር ስሙን ያገኘው ከመጠጫው ነው። በመንደር ውስጥ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ የተሰቀለበት ደጅ ጠላ ቤት ለመሆኑ ሌላ ማስታወቂያ አያሻውም። ሰካራም ይነቀፋል፣ ጠጪ ግን አይነቀፍም። ሙስሊሙ ማኅበረሰብ አልኮልን ስለሚከለክል ለእንግዳው ያልፈላ ብርዝ ያቀርባል።

ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የሚባለው ካናቢስ በተራው ሰው አነጋገር «አደንዛዥ ዕፅ» በሚለው ጥቅል ስም ይጠራል፤ አጫሹም «ሱሰኛ» ወይም «ዱርዬ» ይባላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ማምረቱን፣ መሸጡንና መጠቀሙን ይከለክላል።

ልዩ የሆነችው ሻሸመኔ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ካናቢስን ለጸሎትና ለተመስጦ ያጨሳሉ፤ ብዙዎቹ ግን አልኮል አይቀምሱም። የአካባቢው ሰው የለመደው ሚዛን በእነሱ ሰፈር ይገለበጣል።

ማኅበረሰቡ በአልኮልና በካናቢስ መካከል የሚያደርገው ልዩነት ከጉዳታቸው መጠን የመጣ አይደለም፤ ከልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሞት ከአልኮል ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ካናቢስም ቢሆን በተለይ በወጣት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። አልኮልን በተመለከተ የሕጉ አቋም የጠበቀው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1112 የብሮድካስት ማስታወቂያውንና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ መሸጡን ከለከለ።