ስካራብ

በጌጣጌጥ ሱቆች መስኮት የሚታየው ሰማያዊ «ስካራብ» ስሙን ያገኘው ከላቲን ነው፤ ትርጉሙን ግን ከግብፅ። በመሠረቱ እበት አድቦልቡሎ የሚያንከባልል ጥንዚዛ ነው። ለንጉሥ አንገት የሚታጭ አይመስልም።

የጥንት ግብፃውያን ግን በድቡልቡሉ ውስጥ ፀሐይን አዩ። የጥንዚዛው ሥዕል በጽሕፈታቸው «ኸፐር» ተብሎ ሲነበብ «መሆን፣ ወደ መኖር መምጣት» ማለት ነው፤ የንጋት ፀሐይ አምላካቸውም ኸፕሪ ይባላል። ስለዚህ በቀለበት ላይ የሚውለው ትንሽ ጥንዚዛ ጌጥም፣ ማኅተምም፣ ክታብም ነበር። ጠፍጣፋ ሆዱ ላይ ይጻፍበታል። ፈርዖን አሜንሆቴፕ 3ኛ 102 አንበሶች መግደሉን ያወጀው በዚያ ነው፤ ጋዜጣ በሌለበት ዘመን ብልህ ዘዴ!

አርኪዮሎጂስቱ ሀዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ካገኘው የንጉሥ ቱታንኻሙን መቃብር ከወጡት የደረት ጌጦች አንዱ መሐሉ ላይ ቢጫ ጥንዚዛ አለው። ድንጋዩ ለረጅም ጊዜ ካልሴዶኒ የተባለ ማዕድን ነው ሲባል ኖሮ፣ በኋላ የሊቢያ በረሃ የተፈጥሮ ብርጭቆ መሆኑ ታወቀ። የንጉሡ የዙፋን ስም፣ ነብኸፐሩሬ፣ ሲጻፍም ያው ጥንዚዛ አለበት።

ከመቃብሩ መገኘት በኋላ አውሮፓ በግብፅ ፋሽን አበደች። የጌጣጌጥ ቤቱ ካርቲየር እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንታዊ ሰማያዊ ፋያንስ (የሚያብረቀርቅ ሸክላ መሰል ቁስ) ከአልማዝ ጋር አዋህዶ ክንፋም የጥንዚዛ ብሮሽ ሠራ።