እባብ ያየ

ባለፈው መቐለ በሄድኩ ጊዜ ዓዲ ሓቂ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ቡና ተጠራሁ። ዓዲ ሓቂ ከመቐለ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች አንዱ ያለበት ሰፈር ነው። (ሓቂ በትግርኛ ያው የእኛው ሐቅ ነው፤ ስሙን ስሰማው ደስ ይለኛል።) ወዳጄ እንደ እኔው ዕድሜውን በጠመኔ አቧራ የፈጀ ሰው ነው። ቶናው ተቀድቶ፣ ስለ ድሮ ተማሪዎቻችን እየተሳሳቅን ሳለ ነፋስ የግቢውን የቆርቆሮ በር ጓ! አደረገው። እኔ ዘወር ብዬም አላየሁ። ወዳጄ ግን ስኒውን ለቅቆ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል፤ ሁለት እጁ ጭንቅላቱ ላይ ነው።

ከእኔ በቀር የገረመው ሰው አልነበረም። ባለቤቱ ጨርቅ አምጥታ የፈሰሰውን ጠረገች። ጎረቤት የሆኑት እናት ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «ኣጆኻ ወደይ፣ ማዕጾ እዩ» አሉት፤ አይዞህ ልጄ፣ በር ነው ማለታቸው ነው። እርሱም ተነሳ፣ አፍሮ ሳቀ፣ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ።

ስወጣ የሸኘኝ የእህቱ ልጅ ነበር። ከግቢው ትንሽ ራቅ እንዳልን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ጦርነቱ ካበቃ እኮ ቆየ። አጎቴ ለምን አይረሳውም?» አለኝ።

ጥያቄው ክፋት የለውም። የዩኒቨርሲቲው የዓዲ ሓቂ ካምፓስ በሰው አልባ አውሮፕላን የተመታው በ2015 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 3 ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በዚያው ዓመት ጥቅምት 23 ነው። ለወጣት ልጅ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና አፌ ላይ የመጣው ተረት ብቻ ሆነ፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አልኩት። ልጁ በትሕትና ፈገግ አለ። መልስ እንዳልሰጠሁት ሁለታችንም አውቀናል።

የሚገባውን መልስ የሰጠው እባብ ሳይሆን ቀንድ አውጣ ነው፤ ያውም ከውጭ ቅርፊት የማይታይበት፣ የባሕር። ሳይንቲስቶች አፕሊዥያ ይሉታል። ራሱ ላይ ጆሮ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ስላሉት የባሕር ጥንቸል የሚል ስምም አለው። (ቀንድ አውጣን ንቀን እንዳናልፍ የራሳችን የሳይንስ ታሪክም ያስገድደናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያው ትግራይ ውስጥ፣ ዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆን መንገድ ያገኙት።)

አፕሊዥያን ስመ ጥር ያደረገው ሰው ኤሪክ ካንዴል ይባላል። የተወለደው ቪየና ነው፤ አባቱ የመጫወቻ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1938 ዘጠነኛ ዓመቱን ባከበረ በሁለተኛው ቀን የናዚ ፖሊሶች የቤታቸውን በር ደበደቡ። ቤተሰቡን ከቤት አስወጡት። ከቀናት በኋላ ሲመለሱ ዋጋ ያለው ዕቃ ሁሉ ተወስዷል፤ የልጁ መጫወቻዎች እንኳ አልቀሩም። በዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ካንዴል ካረጀ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ የአእምሮና የትዝታ ነገር ዕድሜ ልኩን የያዘው ከዚያ ከቪየና የመጨረሻ ዓመት የተነሳ ሳይሆን እንደማይቀር ይናገራል። በሩ ሲደበደብ የሰማውን ድምፅ ሸምግሎም አልረሳውም።

ሰውየው ሃርቫርድ ሲገባ ያጠናው ምን መሰላችሁ? ታሪክና ሥነ ጽሑፍ! (የሙያ ወገንተኝነቴን ይቅር በሉኝ።) የመመረቂያ ጽሑፉም የጀርመን ደራስያን ስለ ናዚዝም በነበራቸው አቋም ላይ ነበር። ከዚያ ሕክምና ተማረ፤ የሥነ ልቦና ሐኪም ለመሆን አስቦ ነበር። ትዝታን ከሥሩ ልያዘው ሲል ግን የሰው አንጎል በዛበት፤ ሰማንያ ስድስት ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴል ከየት ተጀምሮ ይቆጠራል? ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ላዲስላቭ ታውክ ከሚባል ተመራማሪ ዘንድ አፕሊዥያ ላይ መሥራት ጀመረ። የዚህ ፍጥረት የነርቭ ሴሎች ሃያ ሺህ ገደማ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በዓይን እስኪታዩ ድረስ ትልልቅ ናቸው። ቀንድ አውጣ ስለ ሰው ትዝታ ምን ሊነግረን ነው ያሉ አልጠፉም።

የተመለከተው ነገር እጅግ ተራ ነው። እንስሳው ቧንቧ የመሰለ የውኃ ማስወጫ አለው። እዚያ ላይ ቀስ ብሎ ሲነኩት የሚተነፍስበትን ስንጥብ ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ነገሩን የሚመሩት ሃያ አራት ያህል ስሜት ተቀባይ ሴሎችና ስንጥቡን የሚያንቀሳቅሱ ስድስት ሴሎች ናቸው። በቀስታ ደጋግመው ቢነኩት ጉዳት እንደሌለው ያውቅና መሰብሰቡን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለመደ ማለት ነው። ጅራቱን በኤሌክትሪክ ከመቱት በኋላ ግን ያው ቀላል ንክኪ ክፉኛ ያስደነግጠዋል። ልጡ እባብ ሆነበት! አንድ ጊዜ ከመቱት ድንጋጤው በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። እያረፉ አራት አምስት ጊዜ ከመቱት ለቀናት ይቆያል።

ለቀናት የሚቆየው እንዴት ነው? ሴሉ አዲስ ፕሮቲን ይሠራል፣ አዲስ ቅርንጫፍም ያበቅላል። ክሬግ ቤይሊና ሜሪ ቼን የተባሉት የካንዴል ባልደረቦች ቁጭ ብለው ቆጠሩት። አንድ ስሜት ተቀባይ ሴል ከሌሎች ጋር የሚገናኝባቸው ጫፎች 1,300 ያህል ነበሩ። ለረጅም ጊዜ በደነገጠው እንስሳ 2,700 ደረሱ፤ በለመደው ደግሞ ወደ 850 ወረዱ። ካንዴል እ.ኤ.አ. በ2000 ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዚህ ሥራው ነው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ድንጋጤው ጠፍቶ እንስሳው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ሲመለስ ጫፎቹ ወደ 1,300 አልወረዱም፤ 1,500 ገደማ ላይ ቆሙ። ከውጭ ለሚያየው ረስቷል። ውስጡ ግን ሁለት መቶ ያህሉ አልሄዱም።

ሰው ቀንድ አውጣ አይደለም። የወዳጄን ሕመም በስንጥብ መሰብሰብ ብቻ ልተርጉመው ብል ሐኪሞቹም ይታዘቡኛል፤ ሐዘን አለ፣ ሐሳብ አለ፣ የሞቱ ሰዎች ስም አለ። ነገር ግን «ወንድ ልጅ በበር ድምፅ?» ብሎ ለሚያሾፍ (ከዓዲ ሓቂ እስከ አዲስ አበባ ሞልቷል) ይኸን ያህል መናገር ይቻላል፤ ድንጋጤ ሥጋ አለው፣ ይቆጠራል። እርሳው የሚል ትእዛዝም አይነቅለውም።

ይህን ሁሉ በማግስቱ ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ወዲያው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ቆርጦ፣ ሚስማርና መዶሻ ይዞ ወደ በሩ ሄደ፤ ድምፁን ሊያፍነው ነው። ወዳጄ ከበረንዳው ላይ አየው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እንዳይጮህ ነዋ፣ አጎቴ።»

ወዳጄ ትንሽ አሰበ።

«ተወው» አለው። «ይጩህ። በር መሆኑን ልስማው።»